ሸራ ሰፊዋ በካርታላ ተራራ

ሩዋይዳ የምትሰፋው ሸራ ነው። የጭነት መኪና ሸራ፣ የባጃጅ ጣሪያ፣ የሱቅ ደጃፍ ጥላ፣ የሠርግና የለቅሶ ድንኳን። ሐዋሳ መሃል ከተማ ውስጥ፣ የመኪና መለዋወጫ ሱቆች ከተደረደሩበት መንገድ ጀርባ ባለች ጠባብ ቤት፣ ከከባዱ የስፌት መኪናዋ ፊት ከተቀመጠች ሃያ ሁለት ዓመት አልፏታል። ስትጀምር «ይኼ የወንድ ሥራ ነው» ያሏት ሾፌሮች ዛሬ ከሻሸመኔም ከዲላም ሸራቸውን ጠቅልለው የሚመጡት እሷ ጋ ነው። ድርብ ስፌቷ ውሃ አያሳልፍም። የገመድ ማሰሪያ ቀለበት የምትመታበት ጠርዝ ነፋስ አይተረትረውም።

ሾፌሮቹ ሸራቸው እስኪያልቅ ድረስ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ያወራሉ። ጋላፊ ላይ ሙቀቱ ጎማ እንዴት እንደሚያፈነዳ፣ ከያቤሎ ወዲያ ብዙ መንገድ ሰው ሳያዩ እንደሚነዱ፣ ጂቡቲ ወደብ ላይ ባሕሩ ምን ምን እንደሚሸት። እሷ ፔዳሉን እየረገጠች ታዳምጣለች። አንድ ቀን ደምሴ የሚባል የተሳቢ ሾፌር፣ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ሰው፣ ያረጀ ሸራ ፊቷ ዘርግቶ «ይቺ እኮ ጂቡቲን ሃምሳ ጊዜ አይታለች» አላት። ሩዋይዳ የገዛ ስፌቷን በጣቷ እየዳሰሰች፣

«እኔ አንድ ጊዜም አላየሁም» አለች።

ደምሴ ቀልድ መስሎት ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።

ያኔ አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ከወራቤ አካባቢ በልጅነቷ ከወላጆቿ ጋር ሐዋሳ መጥታ፣ እዚሁ ተምራ፣ እዚሁ አግብታ፣ ሦስት ልጆች አሳድጋለች። የሄደችበት ሩቅ ከተማ አዲስ አበባ ነው፤ እሱም ለለቅሶና ለክር ግዢ። ይህ ነገር ከዚያ ቀን ጀምሮ ይከነክናት ጀመር እንጂ ለማንም አልተናገረችም።

በዚያው ዓመት ሔኖክ ወደ ሱቋ መጣ። ሔኖክ የሥነ ምድር መምህር ነው። ተማሪዎቹ ለትምህርት ጉዞ ሲወጡ የድንጋይ ናሙና የሚይዙበት ከረጢት ሊያሰፋ ነበር የመጣው፤ የገበያውን ከረጢት የድንጋዩ ስለት እየቀደደ አስቸግሮታል። ሩዋይዳ ለናሙና ያመጣላትን ድንጋይ አንስታ ጠርዙን በአውራ ጣቷ ሞከረች። ጥቁር፣ በቀዳዳ የተሞላ፣ ለመጠኑ የቀለለ ድንጋይ ነው።

«ከሥሩ ሦስት ድርብ አደርገዋለሁ» አለችው። ከዚያ ድንጋዩን ሳታስቀምጥ፣ «ይኼ ከየት የመጣ ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ከኮሞሮስ ነው፣ እትዬ። ሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ያሉ ደሴቶች ናቸው። ትልቋ ደሴት ላይ ካርታላ የሚባል እሳተ ገሞራ አለ።»

ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳያት። ምድር እንደ ድስት ተቦርቡሮ፣ በግድግዳው ዙሪያ ደመና ተኝቶበታል። ከአፋፉ ላይ አንድ ሰው ቆሟል፤ ከጤፍ አይተልቅም። ሩዋይዳ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ስልኩን ተቀበለችው።

«ሰው ይሄዳል እዚህ?»

«ጥቂት ሰው። ቱሪስት የሚበዛበት አገር አይደለም።»

«በምንድን ነው የሚወጣው?»

«በእግር። ሌላ ምንም የለውም።»

«የኛን ፓስፖርት ይቀበላሉ?»

ሔኖክ አሁን ቀና ብሎ አያት። «እዚያው ሲደርሱ ነው ቪዛውን የሚመቱልዎት። ፓስፖርታችን ቪዛ ሳንለምን ከሚያስገባን ጥቂት አገሮች አንዱ ነው። ለምን ጠየቁኝ?»

«ልሄድ ነው» አለች ሩዋይዳ።

ይህን ስትል የገዛ ድምፅዋን የሰማችው እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነበር። ግን ከአፏ ከወጣ በኋላ መልሳ ልትውጠው አልፈለገችም።

ባሏ አብዱልሃሚድ ከእሷ ሱቅ ሁለት በር አልፎ የአይሱዙ መለዋወጫ ይሸጣል። ረጋ ያለ፣ ነገር አጣርቶ የሚናገር ሰው ነው። በሕይወቱ አንድም ቀን እጁን አንስቶባት አያውቅም፤ ሥራዋንም ሌሎች ሲያሽሟጥጡ የቆመላት እሱ ነው። በዚያን ዕለት ራት ላይ ስትነግረው ጉርሻውን መልሶ ትሪው ላይ አስቀመጠ።

«እዚያ ምን አለ?»

«ተራራ።»

«እዚህ ተራራ የለም?»

«አለ።»

«እና?»

«እሱን ነው ለማየት የምሄደው አብዱ። ‹እና?› ያልከውን።»

ሳያት የምትባለው ትልቋ ልጃቸው ሳቋን በመዳፏ ሸፈነች። አብዱልሃሚድ ግን አልሳቀም። «ሐጅ ሳንሄድ?» አለ።

«ሐጅ አብረን ነው የምንሄደው፣ ኢንሻአላህ። ያ የሁለታችን ነው። ይኼ የኔ ነው።»

«ብቻሽን?»

«አብረኸኝ ና።»

«ሱቁንስ?»

«የምሄደው ለአሥር ቀን ነው። ለአሥር ዓመት አይደለም።»

ተነሥቶ እጁን ታጠበና ወጣ። ከዚያ ወዲህ ስለ ጉዳዩ ለወራት አንድ ቃል አልተናገረም። ሩዋይዳ ዝምታውን እንደ እሺታም እንደ እምቢታም አልቆጠረችውም። ዝምታ ነበር፤ እሷ ደግሞ ሥራ ነበረባት።

ትክክለኛውን ጥያቄ የጠየቀቻት ሳያት ናት። ነርስነት ስለምትማር ነገሩን በሰውነት በኩል ነው ያየችው። «እማ፣ ጉልበትሽስ?» አለቻት። ሃያ ሁለት ዓመት ፔዳል የረገጠው የሩዋይዳ ቀኝ ጉልበት፣ ክረምት ክረምት ገና ከፍራሽ ስትነሣ ይንቋቋል። ደረጃ ስትወርድ ግድግዳ ትይዛለች። ካርታላ ደግሞ ከባሕር ጠርዝ ተነሥቶ ከሁለት ሺህ ሦስት መቶ ሜትር በላይ ይወጣል።

በማግሥቱ፣ የማለዳውን ሶላት እንደሰገደች፣ ባጃጅ ይዛ በቱላ መንገድ ወጣችና አላሙራ ተራራ ግርጌ ወረደች። የመጀመሪያው ቀን ግማሽ መንገድ እንኳ ሳትደርስ ተቀመጠች። ልቧ ጆሮዋ ውስጥ ይመታል። ወደ ታች ስታይ ከተማውና ሐይቁ ከነጭጋጉ ይታያል፤ ሰው ሁሉ ገና ተኝቷል። አፍራ ተመለሰች። በሦስተኛው ቀን እንደገና ሄደች።

እንዲህ እያለች አሥራ አራት ወር ወጣች። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ክረምቱንም ጭምር። ከድንኳን ጨርቅ የጀርባ ቦርሳ ለራሷ ሰፋችና ውስጡ አሸዋ ጨመረች፤ በየወሩ አሸዋውን ትጨምራለች። ተራራው ጎን እርሻ ያላት ሙሉጌጥ የምትባል ሴት፣ ሳምንት በሳምንት ስታያት ቆይታ አንድ ቀን መንገድ ላይ ጠበቀቻት። ሩዋይዳ ሲዳምኛ በገበያ ስለለመደች ያወሩት በሲዳምኛ ነው።

«ምን ጠፍቶሽ ነው?»

«ምንም አልጠፋኝም።»

«ታዲያ በየጊዜው እዚህ ምን ትፈልጊያለሽ?»

«ጉልበት» አለቻት ሩዋይዳ። ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ወዲያ ሙሉጌጥ ስታልፍ ባየቻት ቁጥር ውሃ ታቀብላት ነበር።

ሰፈር ግን እንደዚህ ቀላል አልነበረም። አንዳንዱ ሐኪም አዟት ነው አለ። አንዳንዱ ከባሏ ተጣልታ ነው አለ። ሱቅ ድረስ መጥታ «ሃምሳ ዓመት ሊሞላሽ ነው እኮ» ያለቻት ዘመዷም ነበረች። «ለዚህ ነው የፈጠንኩት» ብላ መለሰችላት፤ ከዚያ በላይ አላብራራችም።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ባጃጁ ውስጥ ልትገባ ስትል አብዱልሃሚድ በሌላው በር ገብቶ አጠገቧ ተቀመጠ። የሱቅ ጫማውን አድርጓል። አላሙራ ግርጌ ሲደርሱ ምንም ሳይል ከኋላዋ መውጣት ጀመረ። አንድ ሦስተኛው ላይ ደረቱን ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እሷም ቆመች።

«ሂጂ» አላት። «እዚህ ሆኜ አያለሁ።»

ሄደች። ከአሸዋዋ ጋር እስከ ጫፍ ወጥታ ስትመለስ እዚያው ድንጋይ ላይ አገኘችው። ስትወርድ ቀኝ እግሯን ወደ ጎን እያደረገች፣ ከንፈሯን ነክሳ ነው። ይህን ሁሉ ሲያይ ቆይቷል።

«ያምሻል።»

«ያማል። ግን ይወጣል።»

አብዱልሃሚድ ጫማውን አውልቆ ጠጠሩን አራገፈ። መልሶ ሲያስር ጊዜ ወሰደ። «ሰው ሲጠይቀኝ ምን ልበል?» አላት በመጨረሻ።

«ተራራ ልትወጣ ሄደች በላቸው።»

«ይህንን ብቻ?»

«ይህንን ብቻ።»

ራሱን ነቀነቀና ቦርሳዋን ከትከሻዋ አውርዶ ተሸከመላት። ክብደቱን ሲያውቅ ዞር ብሎ አያት፤ ግን እስከ ታች ድረስ አልመለሰላትም።

የጉዞዋን ጊዜ ጥቅምት ላይ አደረገችው፤ የሸራ ሥራ የሚበዛው በክረምት ስለሆነ። አዲስ አበባ፣ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ፣ ፓስፖርት የምታየው ወጣት ሠራተኛ ባዶውን ፓስፖርት ገጽ በገጽ ገለጠችው።

«የት ነው የሚሄዱት፣ እናቴ?»

«ኮሞሮስ።»

«ለሥራ ነው?»

«አይደለም።»

«ዘመድ አለዎት?»

«የለኝም።»

«ታዲያ ማን ጋ ነው?»

«ተራራ ልወጣ ነው።»

ልጅቷ እጇን ከፓስፖርቱ ላይ አነሣች። ሥራ ይሰጣችኋል ተብለው፣ ተታለው የሚሄዱ ስንት ሴቶች በፊቷ አልፈው ይሆናል፤ ሩዋይዳ ጥያቄው ከክፋት እንዳልመጣ ገብቷት ስለነበር አልተናደደችም። የመመለሻ ትኬቷን አሳየቻት። ተራራ የሚያወጣትን ሰው ስምና ስልክ፣ ሔኖክ በወረቀት የሣለላትን ካርታ አሳየቻት። በመጨረሻ ራሷ የሰፋችውን ቦርሳና የዝናብ ልብስ አውጥታ መስኮቱ ላይ ዘረጋች። ልጅቷ አለቃዋን ጠርታ ተማከረች። ሰልፉ እየረዘመ ሄደ። ሩዋይዳ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። ሲቆይ ማኅተሙ ተመታ።

«በሰላም ይመለሱ» አለቻት ልጅቷ፣ የቦርሳውን ስፌት በጣቷ ነካ አድርጋ።

ሞሮኒ የተባለችው ዋና ከተማ ከጥቁር ድንጋይ ላይ የበቀለች ትመስላለች። የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እስከ ባሕሩ ድረስ ወርዶ ማዕበሉ እየመታው ይጮኻል። ሴቶቹ የተፈጨ የሰንደል እንጨት ፊታቸውን ተቀብተው፣ ቀለሙ በደመቀ ጨርቅ ተሸፍነው ገበያ ይቀመጣሉ። ሩዋይዳን የአገሩ ሰው ናት ብለው በቋንቋቸው ያናግሯታል፤ «አሰላሙ አለይኩም» ስትል ይመልሳሉ፤ ከዚያ በላይ ሲቀጥሉ ፈገግ ትላለች።

ተራራ መሪው ምማዲ የሚባል፣ ቀጭን፣ ዕድሜው ከእሷ ጋር የሚቀራረብ ሰው ነው። በወጣትነቱ ካርቱም ተምሮ አረብኛ ያውቃል። የሩዋይዳ አረብኛ ከመድረሳ የተረፈ፣ የተሰባበረ ቢሆንም ተግባቡ።

«ዕድሜሽ ስንት ነው?»

«ሃምሳ አንድ።»

«ከዚህ በፊት ተራራ ወጥተሻል?»

«አንድ ተራራ። ብዙ ጊዜ።»

ምማዲ ጉልበቷን ሲያይ አየችው። አስቀድማ ነገረችው፦ ይህኛው ያማል፤ ሲያም እነግርሃለሁ፤ ሳልነግርህ አትጨነቅ። ይህ አነጋገር ደስ አለው። በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ ተነሡ።

መንገዱ መጀመሪያ በሙዝና በቅርንፉድ እርሻ መሃል ያልፋል፤ ቀጥሎ ጫካ ነው። ቅጠላቸው እንደ ላባ የተሰነጠቀ ረጃጅም ዛፎች መንገዱን ይጋርዱታል። ጭቃው ጫማ ይይዛል። ሰባት ሰዓት ያህል ከሄዱ በኋላ ድንኳን የሚተከልበት ገላጣ ቦታ ደረሱ፤ ወዲያው ዝናብ ከነፋስ ጋር ወረደ። የምማዲ ድንኳን ያረጀ ነበር። ሩዋይዳ ገና ሲተከል ስፌቱን አይታ ከንፈሯን መጥጣለች። ነፋሱ ሲበረታ የላይኛው ሽፋን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተተረተረ። ሁለቱም በየማዕዘኑ ተቀምጠው በእጃቸው እየያዙ ረጥበው አነጉ።

ጠዋት ጭጋጉ አምስት እርምጃ አያሳይም። የሩዋይዳ ጉልበት እንደ ዳቦ አብጧል። ምማዲ እሳት ማያያዝ አቅቶት ከእርጥብ እንጨቱ አጠገብ ቁጢጥ ብሏል።

«እንውጣ ካልሽ እወስድሻለሁ» አላት። «ግን አልወደውም። ላይ ገደሉ የቱ ጋ እንደሚጀምር አይታይም።»

ሩዋይዳ ወደ ላይ አየች። ነጭ ነው። አሥራ አራት ወር፣ ያ ሁሉ አሸዋ፣ ያ ሁሉ ወሬ፤ ጫፉ ሊደረስ ከዚያ ነጭ ነገር ኋላ የሦስት ሰዓት መንገድ ብቻ ቀርቷል። እንባዋ መጣ፤ ከጭጋጉ እርጥበት ጋር ስለተቀላቀለ ምማዲ አላየውም።

«ልጆች አሉህ?» አለችው።

«አምስት።»

«እንውረድ» አለች። «ከሦስት ቀን በኋላ እንመለሳለን።»

«ድንኳኑ እኮ ተቀዷል።»

«እሱን ለኔ ተወው።»

ቁልቁለቱ ጉልበቷን ከዳገቱ ይልቅ ጎዳው። በማግሥቱ ግን ድንኳኑን በክንዷ ይዛ፣ እያነከሰች ገበያ ወረደች። አንዲት ልብስ ሰፊ በሯ ላይ ተቀምጣ አገኘች። የጋራ ቋንቋ የላቸውም። ሩዋይዳ የተተረተረውን አሳየቻት፣ ቀጥሎ የራሷን እጅ፤ በመርፌና በክር የተቦረቦሩ ጣቶቿን። ሴትዮዋ እጇን ይዛ አየችና የራሷን አጠገቡ አድርጋ አነጻጸረችው። ከስፌት መኪናዋ ተነሥታ ወንበሩን ለቀቀችላት።

መኪናው ለቀሚስ እንጂ ለሸራ የተሠራ አይደለም። ሁለት መርፌ ሰበረች። ከዚያ በኋላ ወፍራሙን ማዕዘን በእጇ ሰፋች፤ ቀሪውን በመኪናው ድርብ አድርጋ አጠፈችው። በስፌቱ ላይ ሻማ አሸችበት፣ ክሩ ሰሙን እስኪጠጣ ድረስ። ልብስ ሰፊዋ ከጎኗ ቆማ አጣጣፉን አንድ ጊዜ አስደግማ አየች፤ በቁራጭ ጨርቅ ራሷ ሞከረችው። ሩዋይዳ ልትከፍላት ስትል እጇን በእርጋታ መለሰችው።

ከሰዓት በኋላ ሽፋኑን ምማዲ ቤት ደጅ፣ ሁለት ዛፍ መሃል ወጠሩት። ምማዲ ከሥሩ ገብቶ ተቀመጠ፤ ባለቤቱ ሦስት ባልዲ ውሃ ከላይ ደፋችበት። ደረቁን ሲወጣ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቧል። በቋንቋቸው አንድ ነገር ተናገረና ሳቁ።

«ምን አልካቸው?»

«ከዛሬ ጀምሮ ከቤቴ ጣሪያ ድንኳኔ ይሻላል አልኩ።»

ሁለተኛውን ጉዞ በሌላ አኳኋን አደረገችው። ጉልበቷን በጨርቅ ቀበቶ ጠፍንጋ አሰረች። መቶ እርምጃ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፤ መቶ ትሄዳለች፣ ትቆማለች። ምማዲ ሲፈጥን አትከተለውም፤ የራሷን ትሄዳለች፣ እሱ ይጠብቃል። ከቀትር በኋላ እዚያው ገላጣ ቦታ ደረሱ። ዝናቡም እንደ ልማዱ መጣ። ውስጥ ተቀምጠው ሸራው ላይ ሲደበድብ ሰሙት። ምማዲ ደጋግሞ እጁን ወደ ላይ ሰዶ ስፌቱን ይዳስሳል። አንዲት ጠብታ አልገባችም። ሩዋይዳ እግሯን ዘርግታ፣ ገና ሳይመሽ፣ እንቅልፍ ወሰዳት።

ጠዋት ሰማዩ ተከፍቶ ነበር።

ከጫካው ሲወጡ ዛፍ አበቃ። ቁጥቋጦ አበቃ። ቀጥሎ ያለው ጥቁር መሬት ብቻ ነው፤ ሲረግጡት እንደ ተሰበረ ገል ይንኮሻኮሻል። ጉልበቷ አሁን በእያንዳንዱ እርምጃ ይወጋታል። መቶው ሃምሳ ሆነ፤ ሃምሳው ሃያ ሆነ። ምማዲ ዞሮ እጁን ዘረጋላት፤ በራሷ መድረስ ስለፈለገች አልያዘችውም። እሱም ገብቶት መለሰው። ዳገቱ ድንገት አለቀ። ምማዲ «ቁሚ» አላት።

ከእግሯ ሥር ምድር የለም። ሐዋሳ ከነሰፈሯ ገብታ የምትጠፋበት ጎድጓዳ ተከፍቷል። ወለሉ ላይ የተለያየ ዘመን ጥቁርና ግራጫ ድንጋይ ተጋድሟል፤ ከመሃሉ ደግሞ ሌላ ጥልቅ ጉድጓድ አለ። ከአንዱ ስንጥቅ እንፋሎት በቀስታ ይወጣል። ከኋላዋ፣ ሩቅ ታች፣ ባሕሩ በየአቅጣጫው ደሴቷን ከቧታል። ድምፅ የሚባል ነገር የለም። ወፍ እንኳ የለም።

ትልቅ ደስታ ይመጣል ብላ ጠብቃ ነበር። የመጣባት ግን ጸጥታ ነው። ዓይኗ እንደ ልማዱ አፋፉን በሜትር ሊለካ ሞከረ፤ ይህን የሚሸፍን ስንት ሸራ ይበቃል ብሎ፤ ከዚያ ተወው። ለመጀመሪያ ጊዜ የማይለካ ነገር ፊት ቆማ እጇ ሥራ ፈታ።

«ቂብላ በየት ነው?» አለችው ምማዲን፣ ቆየት ብላ።

ወደ ሰሜን አመለከታት። ሐዋሳም ስትሰግድ ወደ ሰሜን ነው የምትዞረው። እዚያ ጥቁር መሬት ላይ የዝናብ ልብሷን አንጥፋ፣ ጉልበቷ ስለማይታጠፍ ቁጭ ብላ ሁለት ረከዓ ሰገደች። ምማዲ ከጎኗ ራቅ ብሎ ቆሞ ጠበቃት።

መውረዱን የሚያውቀው ጉልበቷ ነው። ምማዲ ዱላ ቆርጦላት፣ በየቁልቁለቱ ፊቷን ወደ ተራራው አዙራ በኋላዋ እየወረደች፣ አንዳንዱን ቦታ እየተቀመጠች እየተንሸራተተች፣ እስከ ማግሥቱ ከሰዓት ድረስ ወሰደባቸው። አንድም ጊዜ ተሸክመኝ አላለችም። የመጀመሪያው የሙዝ እርሻ ሲታይ ምማዲ፣ «ይህን ተራራ ብዙ ሰው ይዤ ወጥቻለሁ» አላት። «ተመልሶ መጥቶ በድጋሚ የወጣ ግን አንቺን ብቻ ነው ያየሁት።» ድንኳኑን አጥፎ ሲሸከም ስፌቱ እንዳይፋተግ በውስጥ በኩል አደረገው።

ሐዋሳ ስትደርስ አብዱልሃሚድ መናኸሪያ ቆሟል። ሰላምታውን ሳይጨርስ እግሯን አየ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እግሯን ትራስ ላይ ሰቅላ ተኛች፤ ሳያት በረዶ እየያዘች ታክማታለች። ጠያቂው ብዙ ነበር። ሁሉም «ምን አየሽ?» ይላል። መጀመሪያ ላይ ልታስረዳ ሞከረች። በኋላ ስልኳን ትሰጣቸዋለች፤ ፎቶውን አይተው ይመልሱላታል። ሽማግሌው ደምሴ ብቻ ረጅም ሰዓት ይዞት ቆየና «መንገዱስ?» ብሎ ጠየቃት። ለእሱ እያንዳንዱን ዳገት ነገረችው፤ እሱም እንደ ባልደረባ እየጠየቀ አዳመጠ።

ሐኪሙ ራጅ አንሥቶ አይቶ፣ የጉልበቷ ልስልስ አጥንት ማለቁን ነገራት። «ከእንግዲህ ከፍ ያለ ተራራ አይሞክሩ» አላት። ከሆስፒታል ሲወጡ አብዱልሃሚድ ጉዳዩ የተዘጋ መስሎት ቀለል ብሎታል። ባጃጅ ውስጥ ሲገቡ ግን፣

«ስለ ተራራ ነው የተናገረው» አለች።

«ታዲያ?»

«ስለ በረሃ አልተናገረም።»

 በዚያው ሳምንት ሔኖክን አስጠርታ ስለ ቻልቢ በረሃ ጠየቀችው፤ በሰሜን ኬንያ፣ ከሞያሌ ወዲያ ስላለው፣ ጨው የነጣበት ጠፍጣፋ መሬት። የደምሴ ዘመድ እስከ ማርሳቢት ጭነት ይዞ እንደሚሄድም አጣራች። ቪዛ አያስፈልግም፤ መንገዱ ሜዳ ነው።

ክረምት ሲገባ የደንበኛውን ሸራ እየጨረሰች፣ በትርፍ ጊዜዋ ነጭ የፀሐይ መጠለያ መስፋት ጀመረች። አንድ ቀን አብዱልሃሚድ የምሳ ሰዓት ላይ መጥቶ በሯ ላይ ቆመ። ነጩን ሸራ ጫፉን ይዞ አነሣው።

«መቼ ነው?»

«ከክረምቱ በኋላ።»

«ስንት ቀን?»

«ሁለት ሳምንት።»

ሸራውን በክንዱ ልክ እየለካ እስከ መጨረሻው ሄደ፣ ተመለሰ። «ሱቁን ወንድሜ ያያል፣ ተነጋግረናል» አለ፤ ዓይኑን ከሸራው ሳያነሣ። «ግን ተራራ ካለበት አልሄድም። አሁኑኑ ንገሪኝ።»

«ተራራ የለውም።»

«ጉብታስ?»

ሩዋይዳ ትንሽ አሰበች፤ ባሏን ዋሽታው አታውቅም። «ትንሽ አለች» አለችው፣ ክሩንም በጥርሷ ቆረጠች።